ተከታታይ ልብ ወለድ ከአንደኛው ይጀመርልን

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ስቶክሆልም ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ጋዜጣችሁን ስልኬ ላይ አነባለሁ፤ ቀድሜ የምከፍተው የመጻሕፍት ገጹን ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ትርጉም ልብ ወለዶች አንድ አቤቱታ ስላለኝ ነው።

ስዊድንኛ ስማር አስተማሪያችን የምትወዱትን አንብቡ አለችን። እኔ የምወደው ወንጀል ነው፤ ማንበቡን ማለቴ ነው። ላይብረሪ ሄጄ ስጠይቅ ማርቲን ቤክ ስለሚባል የስቶክሆልም ፖሊስ መርማሪ የተጻፈውን ተከታታይ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሰላም የለም። ወጥ እያረረ አነባለሁ።

ጸሐፊዎቹ ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ ናቸው። ባልና ሚስት ሆነው ይኖሩ ነበር። ማታ ልጆቻቸውን አስተኝተው፣ ምዕራፍ ተከፋፍለው ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 አሥር መጽሐፍ አወጡ። ቫሉ የሞተው አሥረኛው በወጣበት ዓመት ነው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ሞታላ ከተማ አጠገብ፣ ቦይ የሚጠርግ ማሽን የሴት ሬሳ ያወጣል። ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ሌላ ደራሲ ቢሆን ወዲያው መኪና ያሳድድ ነበር። እነዚህ ግን ፖሊሶቹን ያስጠብቋቸዋል። ስልክ ይደወላል፣ ደብዳቤ ይጠበቃል፣ ቱሪስቶች መርከብ ላይ የተነሱት ፎቶ አንድ በአንድ ይለቀማል። ሐምሌ የተጀመረው ምርመራ ጥር ይገባበታል። እንዲህ የሚንቀረፈፍ ነገር እንዴት ልብ እንደሚሰቅል እስካሁን አልገባኝም።

ሰዎቹ ይመስሉኛል የያዙኝ። ቤክ ሆዱን ያመዋል፣ ጉንፋን አይለቀውም። ቤቱ ሲገባ ከሚስቱ ጋር ከማውራት የመርከብ ሞዴል መገጣጠም ይቀለዋል። ባልደረባው ኮልበሪ ሆዱን ይወዳል፤ ሽጉጥ ግን አይታጠቅም። ሌላው ባልደረባው መላንደር ያየውን አይረሳም፤ ሲፈለግ ሁሌ ሽንት ቤት ነው። ባለቤቴ መጽሐፉን እጄ ላይ ባየ ቁጥር «ያ ሰውዬ ሆዱ ተሻለው?» ይለኛል። እሱ አንድም ገጽ አላነበበም።

አራተኛው መጽሐፍ «የሚስቀው ፖሊስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ ለወንጀል ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኤድጋር ሽልማት ያገኘው እሱ ነው። በኅዳር ዝናብ፣ በማታ፣ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ተሳፋሪዎቹ በጥይት ተደብድበው ይገኛል። ሾፌሩም አልተረፈም። ይህን ምዕራፍ ያነበብኩት በማታ ፈረቃዬ ነበር፤ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተር አጥፍቼ፣ ከቴርሞስ ሻይ ቀድቼ። አውቶቡሱ ባዶ እንደሆነ እያወቅሁ ዓይኔ ከመስታወቱ አልነቀል አለ። የኋላው በር መዘጋቱን ተነስቼ ሄጄ በእጄ ገፍቼ አየሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከሟቾቹ አንዱ ወጣት ፖሊስ ነው፣ የቤክ የሥራ ባልደረባ። ከቀደሙት መጻሕፍት አውቀዋለሁ፤ እንደ ሰፈር ልጅ ነበር ያዘንኩለት። ከአራተኛው ለሚጀምር አንባቢ ግን ዝም ብሎ ስም ነው።

አቤቱታዬም ይኸው ነው። አዲስ አበባ ለእረፍት ስመጣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት መጽሐፍ ሻጮች ትርጉም የወንጀል ልብ ወለድ እሸምታለሁ። ባለፈው የገዛሁት ገና ከመግቢያው ስለ አንድ የቀድሞ ጓደኛ ክህደት ያወራል። የቱ ጓደኛ? ምን ክህደት? ለካስ የተከታታዩ ሦስተኛ ነው። ሽፋኑ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ የተርጓሚው መግቢያም ትንፍሽ አላለም። ሻጩን ብጠይቀው «እህቴ፣ ይሄኛው ነው የሚሸጠው» አለኝ። እሱ ምን ያድርግ!

የወንጀል ልብ ወለድ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚቀለድበት ብዬ እጠረጥራለሁ። ቁም ነገር የሌለው ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ይታያል። አባቴ የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች በጋዜጣ ለብዶ ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ የተዋሰ ሰው ሳይመልስ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። ይልማ ሀብተየስም በአማርኛ የራሳችንን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጽፎልናል። አንባቢ አለ ማለቴ ነው።

ስለዚህ የመጻሕፍት ገጻችሁ ትርጉም ሲያስተዋውቅ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ይጻፍልን። ከሌላ ተከታታይ መሃል የተቆረጠ ከሆነም በግልጽ ይነገረን። ተርጓሚዎችም እባካችሁ ከአንደኛው ጀምሩ፤ አሥሩንም ባይሆን ሦስቱን በተርታ አውጡልን። ጋዜጣችሁ ደግሞ ቦታ ካለው በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ቢያወጣ እኔ በበኩሌ ለደንበኝነት እከፍላለሁ። ምዕራፉ ግን እባካችሁ በሳምንቱ ሳይዘለል ይውጣ። መጠበቅ አልችልም።

ከአክብሮት ጋር
የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፣ ከስቶክሆልም