ገበያ ሲቀዘቅዝ ስለሚሠራ ሥራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጣችሁ የንግድ ዓምድ ሽያጭን ስለማሳደግና አዳዲስ ደንበኞችን ስለማፍራት የሚወጡትን ጽሑፎች በትኩረት አነባለሁ። ጠቃሚ ናቸው። ሆኖም አብዛኞቹ የሚያተኩሩት ገበያው በሚሞቅበት ጊዜ ላይ ነው፤ ሽያጭ ስለሚቀንስባቸው ሳምንታትና ወራት የሚነሣ ነገር ካለም ዋጋ ቀንሱ፣ ማስታወቂያ ጨምሩ ከሚል ምክር አያልፍም። እኔ የአነስተኛ ድርጅቶችን ሒሳብ በመያዝ የምተዳደር ሰው ነኝ። አንድ ድርጅት ጠንክሮ መቆሙን ወይም መንገዳገዱን በአብዛኛው የሚወስነው ባለቤቱ በዚያ በቀዘቀዘ ወቅት የሚሠራው ሥራ መሆኑን ከመዝገቦቹ ስለማይ፣ ሐሳቤን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል ወደድሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት መቀዛቀዙ በየዓመቱ የሚመላለስ ወቅታዊ ነገር ነው ወይስ ድርጅቱ ደንበኞቹን እያጣ ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን በግምት መመለስ አይቻልም። ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ሽያጭ በየወሩ ከፋፍሎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ ከዚያም የዘንድሮውን ወር ከቀደመው ወር ጋር ሳይሆን ከአምናና ከካቻምና ተመሳሳይ ወር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የደረሰኞቹን ብዛትና የአንድ ደረሰኝ አማካይ ዋጋ ለይቶ ማየትም ይጠቅማል፤ የሚመጣው ሰው ቁጥር መቀነስና የሚመጣው ሰው የሚገዛው መጠን ማነስ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸውና። ሽያጩ ከአምናው ተመሳሳይ ወር በእጅጉ አንሶ ቁልቁል መውረዱን ለተከታታይ ወራት ከቀጠለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚህ የምጽፈው በየዓመቱ ስለሚመላለሰው ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ቅናሽን ነው። ስሌቱን አብረን እንመልከት። በ70 ብር የተገዛ ዕቃ በ100 ብር ሲሸጥ 30 ብር ይተርፋል። በዋጋው ላይ 10 በመቶ ቅናሽ ሲደረግ ትርፉ ወደ 20 ብር ይወርዳል፤ ስለዚህ የቀድሞውን ያህል ጥቅል ትርፍ ለማግኘት በቁጥር 50 በመቶ ተጨማሪ ዕቃ መሸጥ ግድ ይላል። ገዢው ራሱ በቀነሰበት ወር ይህን ያህል ጭማሪ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ከዚህም በላይ ቋሚው ደንበኛ ቅናሹን መጠበቅ ይለምዳል፤ ገበያው በሞቀ ጊዜም ሙሉውን ዋጋ መክፈል ይከብደዋል።

በእኔ እምነት የቀዘቀዘው ወቅት ትልቁ ጥቅም ያለ ሽሚያ ዕቃ መቁጠር ማስቻሉ ነው። ገበያው ሲሞቅ የሚደረግ ቆጠራ ብዙ ጊዜ የይስሙላ ነው። በአግባቡ ሲሠራ አንድ ሰው ይቆጥራል፣ ሌላው ይጽፋል፤ የተቆጠረው መደርደሪያ ላይ ምልክት ይለጠፋል፤ ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስም ዕቃ አይገባም፣ አይወጣም። ቆጣሪው በስቶክ ካርዱ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ፣ ላይ ያለውን ቁጥር አስቀድሞ ማየት የለበትም፤ ካየ ሳያውቀውም ቢሆን ወደዚያ ቁጥር ያዘነብላል። ልዩነት ሲገኝ ደግሞ ካርዱን ወዲያው አስተካክሎ ማለፍ የቆጠራውን ዋና ጥቅም ማጥፋት ነው። ዕቃው በካርቶን ገቢ ሆኖ በነጠላ ወጪ ሲደረግ መለኪያው ተምታቶ ይሆናል፤ ደንበኛ የመለሰው ዕቃ ገቢ ሳይደረግ ቀርቶ ይሆናል፤ አቅራቢው አጉድሎ አስረክቦ ይሆናል፤ ስርቆትም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ምክንያት የየራሱ መፍትሔ አለው፤ ምክንያቱን ለማወቅ ደግሞ የቆዩ ደረሰኞችንና የርክክብ ሰነዶችን አንድ በአንድ ማገላበጥ ይጠይቃል። ይህ ረጋ ያለ ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ነው።

በዚያው የቆጠራ ወረቀት ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንዲኖር አጥብቄ እመክራለሁ፤ እርሱም ዕቃው ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠበት ቀን ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ የታሰረ ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ፣ ቅናሽ ቦታው እዚህ ነው፤ ለይቶ በመግዣ ዋጋም ሆነ ከዚያ በታች መሸጥ፣ ወይም አቅራቢው ከተስማማ መመለስና በምትኩ ፈጥኖ የሚሸጥ ዕቃ መውሰድ ይቻላል።

የዱቤ መዝገቡም በዚሁ ጊዜ ሊፈተሽ ይገባል። ተሰብሳቢውን ሒሳብ፣ ማለትም ደንበኞች ገና ያልከፈሉትን ዱቤ፣ በቆየበት ጊዜ መሠረት እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ61 እስከ 90፣ ከዚያ በላይ ብሎ መደልደልና ለእያንዳንዱ ባለ ዕዳ ቀሪ ሒሳቡን በጽሑፍ መላክ ተገቢ ነው። ለማሽኖችም እንዲሁ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሥራ በበዛበት ቀን ከሚሰበር ይልቅ ሥራ በሌለበት ቀን ተፈትቶ ቢጸዳና ያለቀው ዕቃ ቢቀየር ወጪው ያንሳል።

ሠራተኛን በተመለከተ ሽያጭ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚታሰበው ማሰናበት መሆኑ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የትላልቅ መኪኖች ገበያ ሲወድቅ ቶዮታ በቴክሳስና በኢንዲያና ፋብሪካዎቹ የእነዚህን መኪኖች ምርት ለሦስት ወራት ያህል ሲያቋርጥ ቋሚ ሠራተኞቹን አላሰናበተም፤ ደመወዛቸውን እየከፈለ በሥልጠናና በአሠራር ማሻሻል ላይ አሰማራቸው። የአነስተኛ ድርጅት አቅም ከቶዮታ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሥራውን የለመደ ሰው ከሄደ በኋላ ገበያው ሲመለስ አዲስ ሰው መፈለግ፣ ማሠልጠንና ስህተቱን መሸከም የሚያስከትለው ወጪ ለትንሹ ድርጅት የበለጠ ከባድ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ የመጋዘኑን ሥራ፣ የመጋዘኑ ሠራተኛም የገንዘብ ተቀባዩን ሥራ ቢማር፣ አንዱ በታመመ ቀን ድርጅቱ አይቆምም። የዓመት ፈቃድም በዚህ ወቅት እንዲወጣ አስቀድሞ መስማማት ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ስለሆነም በሞቀው ወቅት ከሚገኘው ገቢ የቀዘቀዙትን ወራት ኪራይና ደመወዝ የሚሸፍን ተቀማጭ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ጊዜ ሲገኝ ምን እንደሚሠራ የሚጠፋው ሰነፍ ሰው ብቻ አይደለም፤ ችግሮቹ የሚታዩት ግርግር ባለበት ሰዓት በመሆኑ፣ ግርግሩ ሲያልፍ ይረሳሉ። ስለዚህ የሥራው ዝርዝር መያዝ ያለበት ገበያው በሞቀ ጊዜ ነው። ባንኮኒው አጠገብ አንድ ደብተር ተቀምጦ፣ ደንበኛ ጠይቆ ያጣው ዕቃ፣ ሰልፍ የረዘመበት ሰዓትና ምክንያቱ፣ በችኮላ የተሳሳተ ሒሳብ፣ የተበላሸ መሣሪያ፣ ሁሉም ከነቀኑ ይጻፍበት፤ ጸሐፊው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ሁሉ ይሁን። ገበያው ሲቀዘቅዝ ከደብተሩ በተደጋጋሚ የተጻፉትን ሁለት ወይም ሦስት ጉዳዮች መርጦ ለእያንዳንዱ ኃላፊና የማጠናቀቂያ ቀን መስጠት በቂ ነው። ሃያ ጉዳይ አንድ ላይ የጀመረ ባለቤት ገበያው ተመልሶ ሲመጣ ሃያውንም በእንጥልጥል ይተዋቸዋል።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ ስለ ዕቃ ቆጠራ አሠራርና ስለ ተሰብሳቢ ሒሳብ አያያዝ በተከታታይ የሚወጣ፣ የቅጾች ናሙና ያለበት ጽሑፍ በንግድ ዓምዳችሁ እንድታቀርቡልን ነው። አብዛኛው የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት የሒሳብ ባለሙያ በቋሚነት ለመቅጠር አቅም የለውም፤ ከጋዜጣው ቆርጦ ሊጠቀምበት የሚችለው አንድ ቅጽ ግን ቆጠራውን በዚሁ ወቅት እንዲጀምር ያስችለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ ባለሙያ