ደብዳቤ ለአዘጋጁ፦ ኦሮራ ውስጥ «ሌሎች» የተባልነው እነማን ነን?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ኮሎራዶ 6ኛ የኮንግረስ ዲስትሪክት፣ ማለትም የእኛን ከተማ ኦሮራን ስለያዘው፣ አንድ የኮንግረስ ተወካይ ስለሚመረጥበት የምርጫ ክልል፣ በቅርቡ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት፣ በስልኬ። ማታ ደግሞ ቤት ገብቼ፣ ተረጋግቼ። የተናደድኩት በሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው አይኔ ዘሎት ይሆናል ብዬ ነበር።

አንባቢዎቻችሁ ስላዩት ሙሉውን አልደግመውም። አንዷን ዓረፍተ ነገር ግን ላንሳ። «ላቲኖዎች፣ ኮሪያውያንና ሌሎች ስደተኞች ወደ ዲስትሪክቱ ሲጎርፉ፣ ለረጅም ጊዜ የሪፐብሊካን ምሽግ የነበረው አካባቢ እጁን ቀየረ» ትላለች።

ሌሎች!

ይህን የጻፈው የፈረንጅ ጋዜጣ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ለምደነዋል። የጻፋችሁት ግን እናንተ ናችሁ፣ በአማርኛ። ኦሮራ ሃቫና ስትሪት አካባቢ እንጀራ ሊገዛ ወረፋ ይዞ እናንተን የሚያነብ ሰው ራሱን የት ይፈልግ? «ሌሎች» የምትለዋ ቃል ውስጥ? ከእንግሊዝኛ ስትተረጉሙ እንኳ አንድ ሰው ቆም ብሎ «ቆይ፣ ኦሮራ ማለት እኮ የእኛ ሰው ያለበት ከተማ ነው» አይልም?

ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ። ከእሱ በፊት «ሲጎርፉ» የምትለዋን ላስተካክል፣ ምክንያቱም ዘገባው የተሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ ኦሮራ የገባሁት በ1999 ነው። መጀመሪያ ከተከራየሁት አፓርታማ ዛሬ እስካለሁበት ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ከሰፈሬ አልወጣሁም። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ግን መጀመሪያ 6ኛው ዲስትሪክት ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ 7ኛው ሆንኩ። ከዚያ እንደገና 6ኛው። እስቲ ንገሩኝ፣ የጎረፍኩት መቼ ነው?

ስገባ ተወካያችን ቶም ታንክሬዶ ነበር። ያኔ እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር ስሙን የያዝኩት ከቴሌቪዥን ነው። ስደተኛ የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር እሱ ብቅ ይል ነበር። በኋላም ለ2008ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲወዳደር ዋና አጀንዳው ይኸው የስደተኛ ጉዳይ ነበር። እናንተ እንደምትሉት ከሆነ እሱን የመረጠው ዲስትሪክት እኛ ስንመጣ ተለወጠ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እሱ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እኛ ቀድሞውኑ እዚያው ነበርን። የወጣነው የዲስትሪክቱ ድንበር መስመር ሲቀየር ነው።

እንዴት መሰላችሁ። ከ2000ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ ኮሎራዶ አንድ ተጨማሪ የኮንግረስ ወንበር አገኘች፣ ሰባተኛ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በዲስትሪክቶቹ ካርታ መስማማት ስላልቻለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። ካርታውን የወሰነው ፍርድ ቤቱ ነው። በዚያ ካርታ አብዛኛው ኦሮራ ከ6ኛው ተቆርጦ አዲሱ 7ኛ ውስጥ ገባ። 6ኛው ሊትልተንን፣ ሃይላንድስ ራንችንና የዳግላስ ካውንቲን ሰፈሮች ይዞ ቀረ። «ምሽግ» ያላችሁት ይሄ ነው። እኛን ካወጡ በኋላ የተረፈው።

በ2002 በዚያ አዲስ 7ኛ ዲስትሪክት ቦብ ቦፕሬዝ ያሸነፈው በ121 ድምፅ ብቻ ነው። 121! ከዚያ የሚበልጥ ሰው አንድ የእኛ ሠርግ ላይ ይገኛል። እኔ ያኔ ዜግነት ስላልነበረኝ አልመረጥኩም። ተቆጥሬ ግን ነበር። እዚህ አገር ለወንበር ክፍፍል የሚቆጠረው ነዋሪው ሁሉ ነው፣ ዜጋ ሆነም አልሆነም። ይህን ዘገባችሁ ውስጥ አላየሁትም። ለእኛ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ማወቅ የሚጠቅመው ይሄ ነበር፤ ግሪን ካርድ ብቻ ይዘህም የአንድ ሰው ቦታ ትይዛለህ፣ መስመሩ ሲሰመር አንተም ትመዘናለህ።

በ2003 ሪፐብሊካኖቹ ምክር ቤቱን ሲይዙ፣ ስብሰባው ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ሌላ ካርታ አወጡ። የያኔው የኮሎራዶ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ኬን ሳላዛር ካርታውን ተቃውመው ተሟገቱ። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ካርታው በአሥር ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይሰመርም ብሎ ሻረው። በ2025 ቴክሳስ በአሥር ዓመቱ መሃል ካርታ ስትቀይር፣ ካሊፎርኒያም በሕዝብ ድምፅ አጸፋውን ስትመልስ ያየ ሰው ያ ውሳኔ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ይገባዋል። እናንተ አንድ መስመር እንኳ አልሰጣችሁትም።

አሁን ወደ ዋናው። ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላም ምክር ቤቱ አልተስማማም፣ እንደገና ፍርድ ቤት ተኬደ። በ2011 መጨረሻ ላይ ዲሞክራቶቹ ያቀረቡት ካርታ ጸደቀ፣ ኦሮራም ወደ 6ኛው ተመለሰች። ታንክሬዶን የተካው ማይክ ኮፍማን በ2010 በድሮው ካርታ ሲወዳደር ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ ነበር። በ2012 በአዲሱ ካርታ ያሸነፈው ሁለት በመቶ በምትሆን ልዩነት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ኦሮራ ላይ ምን ጎርፍ መጣ? ጎረቤቶቼ እነዚያው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑም፣ እንጀራ ቤቱም፣ እድሩም እዚያው። የተንቀሳቀሰው መስመሩ ነው።

ሰው አልመጣም እያልኩ አይደለም። መጥቷል፣ ቤት ገዝቷል፣ ወልዷል። ኦሮራ ውስጥ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ነው። ግን «ጎረፉና ገለበጡት» ማለትና «መስመር ቆርጦ አስወጣቸው፣ መስመር መልሶ አስገባቸው» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰው ቤት የገባን ባዕድ ያስመስለናል። ሁለተኛው ነው የሆነው።

ደግሞ ያው ካርታ ነው ኮፍማንን ሦስት ጊዜ የመረጠው። በ2012፣ በ2014፣ በ2016። በ2016 በዚሁ ዲስትሪክት ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረችው ዲሞክራቷ ሂላሪ ክሊንተን ወደ 9 መቶኛ ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት ስትመራ፣ ሪፐብሊካኑ ኮፍማን ደግሞ በ8 መቶኛ ነጥብ ገደማ አሸንፏል። ይህ ማለት አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀት ላይ፣ ላይኛውን ለዲሞክራት ታችኛውን ለሪፐብሊካን ሰጥቷል ማለት ነው። ከእነዚህ መራጮች አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ። አብረን ቡና እንጠጣለን። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጋዜጠኛ ጠይቋቸው አያውቅም።

እኔ ልንገራችሁ። ኮፍማን መራጩ ሲቀየርበት እሱም መቀየር ነበረበት። ስፓኒሽ ተማረ። በ2014 ከዲሞክራቱ ተፎካካሪው አንድሩ ሮማኖፍ ጋር በስፓኒሽ እስከ መከራከር ደረሰ። የእኛ ዝግጅት ላይም ይመጣ ነበር። ቀድሞ አንድም ፖለቲከኛ ደጃችንን ረግጦ ያላየን ሰዎች፣ የኮንግረስ ተወካይ ቆሞ «ችግራችሁን ንገሩኝ» ሲለን ምን ይሰማናል? በኢትዮጵያ ስለ ሰብዓዊ መብት የሚናገረውን ኤች አር 128 የተባለ ውሳኔ ያቀረበው የኒው ጀርዚው ክሪስ ስሚዝ ነው። ኮፍማን ግን እንዲያልፍ ከገፉት ዋነኞቹ አንዱ ነበር። ውሳኔው በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው ሚያዝያ 10 ቀን 2018 ነው፣ ዶክተር አቢይ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በስምንተኛው ቀን። በውሳኔው የተደሰተ አለ፣ የተቃወመም አለ፣ ያን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ግን አስቡት። ስለ አገራችን አንድ ውሳኔ ዋሽንግተን ላይ ጉልበት ካገኘበት ምክንያት አንዱ ኦሮራ ላይ የተሰመረ መስመር ነው። ይህን የሚያህል ታሪክ፣ የአማርኛ ዜና ድረ ገጽ ላይ፣ «ሌሎች»!

በ2018 ኮፍማን በዲሞክራቱ ጄሰን ክሮው በ11 መቶኛ ነጥብ ተሸነፈ። ያ ዓመት ለሪፐብሊካን በየቦታው ከባድ ነበር። ክሮው እስከ ዛሬ አለ። ይህን ክፍል በትክክል ጽፋችኋል።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህ መስመር ለእኔ የጋዜጣ ወሬ አይደለም። በአንደኛው የካርታ ለውጥ ማግስት የእናቴ የቪዛ ጉዳይ ተጓተተ። የኮንግረስ ተወካይ ቢሮ የተጓተተ የኢምግሬሽን ፋይል ጠይቆ ማጣራት እንደሚችል ሰምቼ አንዱ ቢሮ ደወልኩ። «አድራሻሽ ከእኛ ወጥቷል» አሉኝ። ሌላኛው ጋ ደወልኩ። ዚፕ ኮዴን ጠየቁኝ፣ አዩ፣ «ይሄ ዚፕ ኮድ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን እንደገና ጠይቂ» አሉኝ። እንደገና ደወልኩ። ስንት ሳምንት እንደዚያ እንደኳስ እንደተለጋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የማንንም ስም አልጠራም። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ ስልክ ይዤ የጠበቅኩባቸው ደቂቃዎች ግን እስከ ዛሬ ትዝ ይሉኛል፣ ምክንያቱም ያን ያህል እረፍት የሚሰጠኝ አልነበረም። እናቴ በመጨረሻ መጣች። ተመስገን።

እናቴን ካነሳሁ የ2020ን ቆጠራ ላንሳ። ቅጹን የሞላነው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ የሚለው ሳጥን ሥር በዚያ ዓመት አዲስ መጻፊያ ቦታ ነበረው። ምሳሌ ተብለው ከታተሙት ጥቂት ስሞች መካከል አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነው። በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «ስማችንን ማን ነገራቸው?» አለች። በአማርኛ የተዘጋጀ መመሪያም ነበር፣ እሱን ራሷ አነበበችው።

እንግዲህ የአሜሪካ መንግሥት ቅጽ ስማችንን አትሟል። የእኛው ጋዜጣ «ሌሎች» ብሎናል። ዘገባችሁን ለእናቴ አላነበብኩላትም። ምን ብዬ?

የ2021ን ካርታም በሁለት መስመር አልፋችሁታል። በ2018 ከመራጩ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ደግፎ ካርታውን ከምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ ለገለልተኛ ኮሚሽን ሰጠ። አሥራ ሁለት ሰዎች፣ አራት ከዲሞክራት፣ አራት ከሪፐብሊካን፣ አራት ከየትኛውም ያልሆኑ። ከተሰጣቸው መመዘኛ አንዱ የጋራ ጉዳይ ያለውን ማኅበረሰብ ላለመበታተን መሞከር ነበር። ማንም ሰው አስተያየቱን በድረ ገጻቸው መላክ ይችል ስለነበር እኔም ላክሁ። የት እንደምንገበያይ፣ የት እንደምናስቀድስ፣ ልጆቻችን የት እንደሚማሩ፣ እድራችን የት እንደሚሰበሰብ ጻፍኩ። እንግሊዝኛውን ልጄ አረመችልኝ። ደብዳቤዬ ካርታውን ቀየረው አልልም። ግን አሁን ኦሮራ በአብዛኛው በአንድ ዲስትሪክት ውስጥ ናት። ሃይላንድስ ራንች ወደ 4ኛው ሄደ። ብራይተን አዲስ ወደ ተፈጠረው 8ኛው ሄደ። እያንዳንዱ ዲስትሪክት 721,714 ሰው ገደማ ይዟል። ከእነዚያ አንዷ እኔ ነኝ፣ አንዷ እናቴ ናት።

በመጨረሻው ምርጫ የእናቴ ድምፅ መስጫ በፖስታ መጣ። እዚህ ሁሉም ቤቱ ነው የሚደርሰው። ፖስታው ጀርባ ላይ እንደ ልማዷ በአማርኛ ፈረመች፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች። ያ ፊርማ ነው «ሌሎች» የተባለው።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ሲጎርፉ» የሚለውን አውጡና ኦሮራ በ2002 ከ6ኛው እንደወጣች፣ በ2012 እንደተመለሰች ጻፉ። ሁለተኛ፣ ላቲኖና ኮሪያዊ ካላችሁ በኋላ ኢትዮጵያዊ በሉ። እርማቱ ደግሞ ዘገባው በወጣበት ቦታና መጠን ይውጣ። አርማችሁ ስታወጡት ለእናቴ አነብላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነዋሪ