ያላየሽውን አትመስክሪ

ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ግሩፑ ላይ የዘጠኝ ሰው ስም ዘርዝረሽ «ሰላዮች ናቸው» ብለሽ ለጥፈሻል አሉ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መጀመሪያ ጽሑፉን አጥፊው። አሁኑኑ። ከዚያ ቀሪውን ታነቢያለሽ።

በዓይንሽ ያላየሽውን በሰው ላይ አትመስክሪ።

እዚያው አንቺ ያለሽበት ሚልዋኪ ሕግ የተማረ ጆሴፍ ማካርቲ የሚባል ሴናተር ነበር። የገበሬ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ዶሮ ሲያረባ ቆየና በ20 ዓመቱ ተመልሶ የአራት ዓመቱን ሁለተኛ ደረጃ በአንድ ዓመት ጨረሰው። ጎበዝ ነበር፣ እንዳንቺው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛን የፈጁን ኮሚኒስት ነን የሚሉ ስለነበሩ አሜሪካ እንደመጣሁ ኮሚኒስቶችን ያሳድድ እንደነበር ስሰማ ወድጄው ነበር።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1950 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዊሊንግ ላይ ንግግር ሲያደርግ፣ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያሉ የ205 ኮሚኒስቶች ዝርዝር በእጄ አለ እንዳለ ተዘገበ። በቀናት ውስጥ ቁጥሩ 57 ሆነ። አሜሪካ ውስጥ የሶቪየት ሰላዮች አልነበሩም አልልሽም፣ ነበሩ። ግን በዚያ ዘመን ስንቱ በጥርጣሬ ብቻ ከእንጀራው ተፈናቀለ! ከገዛ ፓርቲው ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ አራት ወር ሳይሞላ ተነስታ ስትቃወም አብረዋት የፈረሙት ስድስት ሴናተሮች ብቻ ነበሩ። ሌላው ፈራ። ፍርሃትን አውቀዋለሁ።

ሳሎን ያለውን የትምህርት ቤት ፎቶ ታውቂዋለሽ፣ ከኔ ጎን የቆመውን ረጅሙን ልጅ። «ደርግ ገደለው» ብዬሻለሁ። ያልነገርኩሽ አለ። በ1970 ዓ.ም. ቀበሌ ጠርተው «ወረቀት የሚበትነው ማነው?» አሉኝ። ዱላ እንኳ አልነካኝም። አላየሁትም፣ ሲወራ ነው የሰማሁት። ስሙን ሰጠኋቸው። እናቱ ሦስት ቀን ሳህን በነጠላዋ ሸፍና ስንቅ አመላለሰች። በአራተኛው ቀን ዘበኛው «ሁለተኛ እንዳታመጪ» አላት። ሳህኑን እንደያዘች በደጃችን አለፈች። እኔ በመስኮት አያታለሁ። ወጥቼ እንኳ አልያዝኳትም። እናትሽም ይህን አታውቅም፣ አሁን አንቺ አወቅሽ።

የመኪናሽን ጎማ በረዶው ሳይጀምር ቀይሪ፣ ገንዘቡን ነገ እልካለሁ። ሽሮውን ደግሞ ማቀዝቀዣ አስገቢው፣ እንዳይነቅዝብሽ።

ደግሜ እልሻለሁ፣ ያላየሽውን አትመስክሪ። እ.ኤ.አ. የ1954ቱን፣ ማካርቲ ከጦር ሠራዊቱ ጋር የተሟገተበትን የሴኔት ምርመራ ቪዲዮ ፈልገሽ እዪው። ማካርቲ ክርክሩ አልሆን ሲለው ጆሴፍ ዌልች ከሚባለው የሠራዊቱ ጠበቃ ቢሮ አንድ ወጣት በስም ጠርቶ ወነጀለ። ልጁ እዚያ የለም፣ የሚመልስበት አፍ የለውም። ዌልች «ጌታዬ፣ ትንሽ እንኳ ይሉኝታ የለዎትም?» ብሎ ጠየቀው። እዚያች ላይ አቁሚና የማካርቲን ፊት እዪው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሴኔቱ 67 ለ22 አወገዘው። መጠጡ በዛ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ በ48 ዓመቱ ሞተ። አልፈረድኩበትም፣ አዘንኩለት።

የኔ እናት፣ ክፉ ልጅ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ለወገንሽ ተቆርቁረሽ ነው። እኔ ግን ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እናቱም አርፋለች። ያንቺዎቹ ዘጠኙም በሕይወት አሉ፣ ስልካቸውም በእጅሽ ነው። በመልእክት አይሆንም፣ ደውዪላቸው። ከዘጠኙ መጀመሪያ ለማን እንደምትደውዪ ዛሬ ማታ ንገሪኝ፣ ስልኬን ይዤ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ