ከጳውሎስ ለሚወጡ ታካሚዎች ማረፊያ ቤት እንከራይ

ሰላም ወገኖች። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ዛሬ የምኖረው በታላቅ እህቴ ኩላሊት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ንቅለ ተከላ ባይጀምር ኖሮ እንደ ቀድሞው ሕንድ ለመሄድ ቤት ንብረት መሸጥ ነበረብን፤ የሚሸጥም አልነበረንም። ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን፣ የጽዳት ሠራተኞቹን እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አልጠግብም። እህቴንማ ምን ብዬ አመሰግናታለሁ? ልጀምር ስል «ዝም ብለህ መድኃኒትህን ዋጥ» ትለኛለች።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት እጥበት ላይ የተኛ ሰው ያውቀዋል። ውሃ በሲኒ እየተለካ ነው የሚጠጣው፣ ሙዝና ብርቱካን በሩቁ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነርሷ የሽንት ከረጢቱን ከፍ አድርጋ አሳየችኝና «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ። በሽንት እንኳን ደስ አለህ የሚባልበት ሌላ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ጉዳዬ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ውጣ» ስትባል ደስታው ሌላ ነው፤ የምትወጣው ግን ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ ወይ ወደ ጎንደር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውነት አዲሱን ኩላሊት «አላውቅህም» ብሎ ሊያጠቃው የሚችልበት፣ ኢንፌክሽንም የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ እየተመላለስክ ክሪያቲኒንህ (ኩላሊቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ይታያል፣ ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋው የሚዋጠው የታክሮሊመስ መድኃኒት መጠን በደም ይለካል፤ ደሙ ደግሞ የጠዋቱ መድኃኒት ሳይዋጥ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ በማለዳ እዚያ መገኘት ነው። ከሩቅ ሰፈር፣ ቁስል ይዞ፣ ማስክ አድርጎ፣ ታክሲ ተጋፍቶ።

ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ስለሆነ ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው ነው በአንዴ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት። ሰጪውም ለሳምንታት ከባድ ነገር አያነሳም። አስታማሚ ሲጨመር ሦስት። ሦስት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የት ይደር? ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይጠጋል። እኛም እንደዛ ነው ያደረግነው። አክስቴ አልጋዋን ለቃልን መሬት ላይ ተኛች። ግን ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሕፃናቱ ይስላሉ፣ ከሰሉ ይጨሳል፣ ጎረቤት ደግሞ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» እያለ ሊጠይቅ ይገባል። ጠያቂን እንዴት በር ላይ ትመልሳለህ? አገላብጦ ካልሳመህ የጠየቀህ የማይመስለው ሰው አለ። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። የእኔ የመከላከል አቅም ግን ኩላሊቱን እንዳይገፋው ተብሎ በመድኃኒት ሆን ብሎ ዝቅ ተደርጓል።

ስለዚህ ንቅለ ተከላ የተደረገልን ጥቂት ሰዎች ተሰባስበን ዊንጌት አካባቢ ሦስት ክፍል ያለው ቤት አግኝተናል። አከራይዋ ነገሩን ስንነግራቸው ዋጋ ቀነሱልን፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ግን ይፈልጋሉ፣ አይፈረድባቸውም። ከክፍለ ሀገር የመጣ ተቀባይ፣ ሰጪና አስታማሚ ክትትሉ እስኪቀንስ ድረስ በነጻ ያርፉበታል።

ገንዘብ የምትችሉ ገንዘብ፤ መቶ ብርም ብር ነው። ዕቃ የምትሰጡ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ትልቅ የውሃ ማፍያ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ግን አዲስ ብቻ ነው የምንቀበለው፤ አትቀየሙን፣ ኢንፌክሽን ፈርተን ነው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ መድኃኒት ገዝታችሁ በሻንጣ አትላኩ። ዓይነቱንም መጠኑንም የሚወስነው ሐኪም ነው። እናንተ ኪራዩን ያዙልን።

ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስታችን ጥምር ፊርማ ነው፤ ደረሰኙን በየወሩ እንለጥፋለን። ቁጥሩን እዚህ ያላስቀመጥኩት አጭበርባሪ ጽሑፉን ቀድቶ የራሱን ቁጥር እንዳያስገባበት ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ደውዬ እነግራችኋለሁ።

በነገራችን ላይ፣ መካከላችሁ የቧንቧ ሠራተኛ ካለ የግቢው የውሃ ታንከር ያፈሳል። ቅዳሜ ጠዋት ብቅ ቢልልን ምሳው በእኛ ነው፣ ጨው ባይኖረውም።