ከኮንክ እስከ ካኦር፦ የታሪክና የእግር ጉዞ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ዓመቱን ሙሉ ያጠናው አንድ መንገድ ነው። ይህ በደቡብ ፈረንሳይ ገጠር የሚገኝ የእግረኞች ጎዳና ከኮንክ መንደር ተነሥቶ በፊዣክ ከተማ በኩል ወደ ሴሌ ወንዝ ሸለቆ ከወረደ በኋላ የሎትን ወንዝ ተከትሎ ካኦር ይደርሳል። በመካከለኛው ዘመን ተሳላሚዎች ከለ ፑዊ ከተማ ተነሥተው በስፔን ወደሚገኘው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱባቸው የነበሩ የጥንት መንገዶች አካል ሲሆን፣ በፈረንሳይ የሚገኙት የእነዚህ መንገዶች ዋና ዋና ክፍሎችና ሕንፃዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ይህን መንገድ የመረጥኩት ታሪክ ከመልክዓ ምድሩ ተነጥሎ መጠናት የለበትም ብዬ ስለማምን ነው። በአውቶቡስ ከአንዱ ሐውልት ወደ ሌላው የሚወሰድ ጎብኚ ብዙ ነገር ማየቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደታነጸ፣ መንደሩም ለምን ገደል አፋፍ ላይ እንደተቆረቆረ በሚገባ የሚረዳው መሬቱን በእግሩ የረገጠ ሰው ነው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በዋናነት ለካርታ ንባብ ዋለ። የፈረንሳይ ብሔራዊ የካርታ ተቋም ለእግረኞች የሚያትማቸው ካርታዎች አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር ስለሚያሳዩ፣ ምንጩ፣ መስቀሉ፣ የፈረሰው ወፍጮ ቤትና የድንጋይ ካቡ ሳይቀር ይታይባቸዋል። ተማሪዎቻችን የከፍታ መስመሮች ተቀራርበው ሲያዩ ዳገት፣ ተራርቀው ሲያዩ ሜዳ መሆኑን ማንበብ ከለመዱ በኋላ፣ በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ከወረቀቱ ወደ መሬቱ እየተመላለሱ ተለማመዱ። የመንገድ ምልክቶቹንም በዚያው ወቅት አጠኑ። በፈረንሳይ ረጃጅም የእግር መንገዶች ላይ ከላይ ነጭ ከታች ቀይ ሆነው የተቀቡ ሁለት አግድም መስመሮች ተጓዡ በትክክለኛው መንገድ ላይ መሆኑን ሲነግሩት፣ እነዚሁ ቀለማት በመስቀል ቅርጽ ከተቀቡ ደግሞ በዚያ በኩል እንዳይሄድ ያስጠነቅቁታል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1947 በሎዋር ወንዝ አጠገብ ከተከፈተው የመጀመሪያው መንገድ ወዲህ እየሰፋ መጥቶ ዛሬ አገሪቱን በሙሉ አዳርሷል። ቀለሙን በየጊዜው የሚያድሱት፣ የወደቀውን ዛፍ የሚያነሡትና ቁጥቋጦውን የሚመነጥሩት በአብዛኛው ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ የየአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው። ለእኔ ከሐውልቶቹ እኩል ክብር የሚገባው ይህ ሥራ ነው።

ከጉዞው አስቀድሞ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን መልካ ቁንጡሬን ጎበኘን። ሥፍራው በ2016 ዓ.ም. ክረምት በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለተማሪዎቹ ትልቅ መነሣሣት ፈጥሮባቸው ነበር። በዚያ ለበርካታ ዓመታት ቁፋሮውን የመራው ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ዣን ሻቫዮን በመሆኑ፣ የሁለቱ አገሮች የጥናት ታሪክ እዚህም እንደሚገናኝ አስረዳኋቸው። በመልካ ቁንጡሬ ከተገኙት ቅርሶች መካከል ዕድሜያቸው 700,000 ዓመት ገደማ የሆነ የአዋቂዎችና የሕፃናት የእግር ዱካዎች ይገኙበታል። ይህን ዱካ በማስታወሻ ደብተራቸው እንዲይዙት አደረግሁ፤ ምክንያቱም በፈረንሳይ ሌላ ዱካ ይጠብቃቸው ነበር።

ጉዟችን የተካሄደው ከፋሲካ በኋላ ነው። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለነበረ የረቡዕና የዓርብ ጾም አልነበረም፤ በየማረፊያው ይቀርብልን የነበረውን የአካባቢው የፍየል አይብም ሁሉም በደስታ በላ። መንገዱን በሙሉ በእግር ለመሸፈን ጊዜው ስላልፈቀደልን የተመረጡ ክፍሎችን ብቻ ተጉዘናል።

ኮንክ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ መካከል፣ ጠባብ ሸለቆ ጥግ ላይ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። ጣሪያዎቿ የተከደኑት እዚያው ከተፈለጠ ጥቁር ግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በመካከሏ የሚገኘው የቅድስት ፎይ ቤተ ክርስቲያን ገና በልጅነቷ በሰማዕትነት ባረፈች ቅድስት ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ከምዕራብ በሩ በላይ በ12ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ይታያል። ቅርጹ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን፣ መላእክትንና አጋንንትን የያዘ ነው፤ ሰማያዊና ቀይ ቀለሙም በከፊል እስከ ዛሬ አልጠፋም። የእኛ ተማሪዎች በሥዕሉ ፊት የቆሙት ለረጅም ጊዜ ነው። ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍሳትን ሲመዝን በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያውቁታልና አስጎብኚው ሳይናገር ለዩት። ከመልአኩ ፊት ለፊት የቆመው ሰይጣን ሚዛኑን በጣቱ ወደ ራሱ ሊጫን ሲሞክር፣ ስስታሙም የገንዘብ ከረጢቱ በአንገቱ እንደታሰረ ተሰቅሎ አዩ። በቅስቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ፊታቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ወደ ታች የሚመለከቱ ትናንሽ ምስሎች አሉ፤ እነዚህን ያገኘችው የክበቡ ታናሽ አባል ነበረች።

ከፊዣክ በኋላ መሬቱ ይለወጣል። ጥቁሩ ድንጋይ አልቆ ኮስ የሚባለው ነጭ የኖራ ድንጋይ አምባ ይጀምራል። የዝናቡ ውኃ በስንጥቁ እየሰረገ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በገጸ ምድሩ ላይ ወንዝ ብርቅ ነው፤ ከምድር በታች ግን ያው ውኃ ድንጋዩን እያሟሟ ዋሻዎችን ፈጥሯል። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ካብ አድርጎታል፤ ለእረኛና ለዕቃ መጠለያ የሚሆኑ ክብ ጎጆዎችንም ሠርቶበታል። በእነዚህ ጎጆዎች ጣሪያ ላይ እያንዳንዱ የድንጋይ ዙር ከበታቹ ካለው ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚደረደርና ድንጋዮቹ ወደ ውጭ ዘንበል ስለሚሉ፣ ጣሪያው ያለ አንዳች እንጨት ይገጥማል፤ ዝናቡም ወደ ውጭ ይፈስሳል። ወላጆቹ የኮንሶ ተወላጆች የሆኑ አንድ ተማሪያችን ካቡን በእጁ እየዳሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን እንዴት እንደሚካብ ለጓደኞቹ አስረዳ። በፈረንሳይና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ይህ የደረቅ ካብ ጥበብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

የዓመቱ ሥራችን ልብ ግን በካብረሬ መንደር አጠገብ የሚገኘው የፔሽ መርል ዋሻ ነበር። ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1922 ሁለት የአካባቢው ታዳጊ ወጣቶች የመንደራቸው ቄስ ባሳደሩባቸው የዋሻ ጥናት ፍቅር ተነሣሥተው ውስጥ ለውስጥ ሲያስሱ አገኙት፤ ተማሪዎቼም አግኚዎቹ በእነርሱ ዕድሜ የነበሩ መሆናቸውን ሲሰሙ ጥያቄያቸው በዛ። በውስጡ 29,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት ፈረሶች ተሥለዋል። ሠዓሊው የቀኝ በኩሉን ፈረስ ራስ የሣለው ድንጋዩ በተፈጥሮው የፈረስ ራስ በሚመስልበት ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ በዙሪያቸው እጅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ጥቁር ቀለም ስለተረጨበት የእጆች ቅርጽ ቀርቷል። ጥቂት እልፍ ብሎ የአንድ ታዳጊ የእግር ዱካ በደረቀ ጭቃ ላይ ይገኛል። የመልካ ቁንጡሬ ማስታወሻ ደብተሮች እዚያው ተገለጡ።

ይህ ዋሻ ዛሬም ለሕዝብ ክፍት የሆነው በየቀኑ የሚገባው ሰው ቁጥር ስለተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የተገኘውና በ1948 ለጎብኚ የተከፈተው የላስኮ ዋሻ ከጎብኚዎች ትንፋሽና ከመብራቱ የተነሣ አረንጓዴ ዋቅላሚ ስለወረሰው በ1963 ተዘግቷል፤ አሁን ሕዝቡ የሚያየው ቅጂውን ነው። ገደቡን የሚያማርሩ ጎብኚዎች መኖራቸው አይቀርም፤ እኔ ግን ከዚህ የላስኮ ታሪክ በኋላ ማንም ቅሬታ ሊኖረው አይገባም እላለሁ።

ከቡዚዬስ ወደ ሳን ሲር ላፖፒ የሚወስደው መንገድ በ19ኛው መቶ ዘመን ከሎት ወንዝ ዳር ከገደሉ ግድግዳ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ሥራው የተከናወነው ጀልባዎችን ሽቅብ የሚጎትቱ ሰዎችና እንስሳት እንዲያልፉበት ነበር፤ የባቡር ሐዲድ መጥቶ የወንዙ ንግድ ሲከስም መንገዱ ለእግረኛ ቀረ። ካኦር ላይ እ.ኤ.አ. በ1308 የተጀመረውን ባለ ሦስት ግንብ የቫላንትሬ ድልድይ ተሻግረን ጉዞውን ፈጸምን።

መጓዝ ያልቻሉት አባሎቻችን የሠሩት ሥራ ከተጓዦቹ ያነሰ አልነበረም። በየምሽቱ የምንልክላቸውን መረጃ ተቀብለው ከኮንክ እስከ ካኦር ያለውን መንገድ በየድንጋዩ ዓይነት ቀለም እየለዩ ትልቅ ካርታ አዘጋጅተዋል፤ ካርታውም በቤተ መጻሕፍቱ ተሰቅሏል። ያስተናገደንን የፈረንሳይ ትምህርት ቤትና የጉዞውን ወጪ የተካፈሉ ወላጆችን ከልብ አመሰግናለሁ። በ2018 ዓ.ም. ክበቡ በዚሁ ዘዴ የመናገሻ ሱባን የእግር መንገዶች ካርታ የሚያዘጋጅ ስለሆነ፣ መሳተፍ የሚፈልጉ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በመስከረም ወር እንዲመዘገቡ እንጋብዛለን።