የቅዳሜው የሙዚቃ ውይይት፦ ለአባላት የተላከ መልእክት

ውድ የማድመጫ ክበባችን አባላት፣

ባለፈው ወር በእንጥልጥል የቀረውን ክርክር ለመቀጠል የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ጀምሮ በተለመደው ቦታችን የምንሰበሰብ ስለሆነ፣ ሁላችሁም በሰዓቱ እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።

በቅድሚያ የምናነሣው ኒክልባክን የመሰሉ፣ ስታዲየም የሚሞሉ ነገር ግን ብዙዎች ለዛ የላቸውም የሚሏቸውን የሮክ ባንዶች ነው። «አይጥመኝም» ማለት ብቻውን ስለማይበቃ፣ ተናጋሪው የትኛው የጊታር ምት ወይም የትኛው አዝማች እንዳሰለቸው ዘፈኑን አስደምጦ ያስረዳ።

ሰፊው ጊዜ የተያዘው ለከቨር ዘፈኖች፣ ማለትም አንዱ ያወጣውን ዘፈን ሌላው በራሱ አጨዋወት መልሶ ለሠራቸው ዘፈኖች ነው። ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በ1967 በአኩስቲክ ጊታርና በሃርሞኒካ ያወጣውን «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር» ጂሚ ሄንድሪክስ በ1968 በኤሌክትሪክ ጊታር ፍጹም ሌላ መልክ የሰጠው ሲሆን፣ ዲላን ራሱም ከዚያ በኋላ በመድረክ ሲጫወተው ወደ ሄንድሪክስ አጨዋወት አዘንብሏል። ሁለቱን አከታትለን እንሰማለን፤ እኔ እስከ አሁን ከመጀመሪያው ቅጂ ጋር ነኝ፣ እርጋታው ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራልና።

በመጨረሻም እያንዳንዱ አባል ሰው ፊት ለመክፈት የሚያፍርበትን፣ ብቻውን ሲሆን ግን ደጋግሞ የሚሰማውን አንድ ዘፈን በስልኩ ወይም በፍላሽ ይዞ ይምጣ። መሳቅ ይቻላል፤ ማሸማቀቅ ግን ክልክል ነው።

የድምፅ ማጉያችን ገመድ ባለፈው ጊዜ ድምፁን እየቆራረጠ ስላስቸገረን፣ ትርፍ ገመድ ያላችሁ ብታሳውቁን ይጠቅመናል። መምጣት አለመምጣታችሁን፣ እንዲሁም የመረጣችሁትን ዘፈንና የዘፋኙን ስም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ እንድትጽፉልን እንጠይቃለን።

የክበቡ አስተባባሪ