ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የተማሪዎቻችን ጥናት ለአንባቢ ይድረስ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

የከበረ ሰላምታዬን በማስቀደም እጽፍልዎታለሁ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ጉዳዬ አንድ ነው። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎቻችን የሚሠሩትን ጥናት ማንም ሰው ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት ፈልጎ ማንበብ ይቻል። ለዚህ አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም። ፖሊሲው አለን፤ የሚያስፈጽመው ነው የጠፋው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ለከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አጽድቋል። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ጭምር፣ ናድሬ ወደሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ያዛል። መርሁም ቀላል ነው፦ የሚቻለው ሁሉ ክፍት ይሁን፣ መዘጋት ያለበት ብቻ ይዘጋ። ያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ሲጠቃለል ፖሊሲውም አብሮ መጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ባለቤቱ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ጀምሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በዲጂታል ማከማቻ ማስቀመጥ ከጀመረ ቆይቷል። ባሕር ዳርና ጅማም የየራሳቸው ማከማቻ አላቸው። ይህን የሠሩ ባልደረቦቼ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ሥራው በአብዛኛው በጥቂት ሰዎች ፍላጎት ላይ የቆመ ነው። ሰውየው ሥራ ሲቀይር ማከማቻው ይቀዘቅዛል። ሰርቨሩ ሲቆም ማን እንደሚያስነሣው አይታወቅም።

ከእኔ ወንበር ሆኖ የሚታየውን ልንገርዎት። ተማሪው ዲፌንስ ያደርጋል። የኤግዛሚነሮቹን አስተያየት ያስገባል፣ ያስፈርማል፣ ያስጠርዛል። ከዚያ ለክሊራንስ ወደ እኛ ይመጣል። የተጠረዘውን ሀርድ ኮፒና አንድ ሲዲ ያስረክባል፤ እኛም ማኅተም እንመታለታለን። ሀርድ ኮፒው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ከቤተ መጻሕፍት ማውጣት አይፈቀድም፣ ብዙ ቦታ ፎቶ ኮፒም ክልክል ነው። ሲዲው ካርቶን ውስጥ ይገባል። ዛሬ የሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የሲዲ ማስገቢያ እንኳን የላቸውም። ሲዲ ደግሞ ይጫራል፣ ይበላሻል፣ አንዳንዱም ሲከፈት ባዶ ነው። በዚህ መንገድ የተረከብነውን ሥራ ከሌላ ከተማ የመጣ ተማሪ እንዲያየው አውቶቡስ መሳፈር አለበት። አልቤርጎ ይዞ፣ ደብዳቤ አጽፎ፣ እኛ ዘንድ ቁጭ ብሎ በእጁ ይገለብጣል። አቅም የሌለው ይቀራል። የቀረው ደግሞ አብዛኛው ነው።

ኪሳራው በእምቦጭ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። አረሙ ጣና ላይ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳርና የጎንደር ተማሪዎች ከብዙ ማዕዘን አጥንተውታል፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ገበሬው መሬት፣ ስለ ውሃው ጥራት፣ በሳተላይት ምስል ስለ መስፋፋቱ። ግን እምቦጭ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጣና ከመወረሩ በፊት ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ቆቃና ስለ አዋሽ የተጻፈው፣ ተማሪ ለመመረቂያ የጻፈውም ሆነ ባለሙያ ለመሥሪያ ቤቱ ያቀረበው፣ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚፈለግ አልነበረም። የጣናው ተማሪ ከዜሮ ነው የጀመረው። ነገ በሌላ ሐይቅ ላይ ቢታይ ያም ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል። ሀገር ለአንድ ጥያቄ ሁለቴና ሦስቴ እየከፈለች ነው።

ለጥናቱ የሚከፍሉት ተማሪውና መንግሥት ብቻ አይደሉም። አንድ የማስተርስ ተማሪ መጠይቁን ይዞ ገጠር ሲወርድ ገበሬው ሞፈሩን አቁሞ ያናግረዋል። እናት ልጇን አዝላ ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ውሃ ወረፋ ትነግረዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገቧን ታወጣለታለች። «ለጥናት ነው» ሲባሉ «ይሁን፣ ለልጆቻችን ይጠቅማል» ብለው ነው። ያ መረጃ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እንኳን ሳይመለስ ካርቶን ውስጥ ሲቀር የሰዎቹ ውለታ ነው የተበላው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የወረዳ ባለሙያ ስልክ አለው፣ ኢንተርኔትም አለው። ስለ ራሱ ወረዳ የተጻፈውን ማውረድ ያልቻለው እኛ ስላላስቀመጥንለት ብቻ ነው።

ክፍት ይሁን ሲባል የሚነሡ ሥጋቶች አሉ። አቃልላቸው ዘንድ አልፈልግም።

አንደኛው «ሥራዬ ይሰረቃል» የሚለው ነው። እውነቱ ግን ተገላቢጦሹ ነው። የተደበቀ ጥናት ነው በቀላሉ የሚሰረቀው፤ የሚያመሳክር የለምና። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው አካባቢና በቴሌግራም «ቴሲስ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ በግላጭ ይለጠፋል። ይህ ገበያ የሚኖረው የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በሌላው ስለማይታይ ነው። ሽፋኑና የወረዳው ስም ተቀይሮ ሲቀርብ አድቫይዘሩ በምን ያውቃል? ሁሉም ሥራ በአንድ ማከማቻ ቢገኝ አንድ አንቀጽ ገልብጦ መፈለግ ይበቃ ነበር። የባለቤትነት መብቱም ቢሆን አይጠፋም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊው መብት የተጠበቀ ነው። ቀኑና ስሙ ተመዝግቦ በይፋ መቀመጡ እንዲያውም ማስረጃ ይሆነዋል።

ሁለተኛው ከጥናቱ ጆርናል ላይ አሳትማለሁ የሚል ሰው ሥጋት ነው። ይህ መፍትሔ አለው። ርእሱና አጭር መግለጫው ወዲያው ይታይ፤ ሙሉው ጽሑፍ ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ ይቆይና ከዚያ ይከፈት። የሕሙማንን ወይም የተጎጂዎችን ማንነት የሚያጋልጥ ነገር ካለም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ያ ክፍል ይውጣ ወይም ይዘጋ።

ሦስተኛውን ሰው ጮክ ብሎ አይናገረውም። ሥራው ይታያል የሚል ፍርሃት ነው። ተማሪው ብቻ አይደለም የሚፈራው፤ ያማከረውም፣ የፈተነውም፣ ያስመረቀው ዲፓርትመንትም ይፈራል። በችኮላ ያለፈ ሥራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ለእኔ ግን ለመክፈት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። የፈረመበት ገጽ በዓለም ሁሉ ፊት እንደሚነበብ የሚያውቅ መምህር ከመፈረሙ በፊት ያነባል። የትምህርት ጥራት የእርስዎ መሥሪያ ቤት ደጋግሞ የሚያነሣው ጉዳይ ነው፤ ከዚህ የረከሰ የጥራት መቆጣጠሪያ አላውቅም።

በአማርኛና በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች የተጻፉት ጥናቶች ደግሞ ለብቻ ሊታዩ ይገባል። በሥነ ጽሑፍ፣ በፎክሎር፣ በቋንቋ ማስተማር ብዙ የማስተርስና የዶክትሬት ሥራ በአማርኛ ተጽፏል። ስለ አንድ አካባቢ ልቅሶ፣ ስለ ሽምግልና ሥርዓት፣ ስለ ቃል ግጥም የተሰበሰበው አንዳንዱ ነገሩን ያወሩት አዛውንቶች አልፈዋልና ሌላ ቦታ አይገኝም። ግን እነዚህ ጥናቶች ኢንተርኔት ላይ ቢጫኑም አይገኙም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን ወደሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተማሪዎች የጻፉት በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ነው። ፋይሉ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያነበው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ሌላው ደግሞ ስካን የተደረገ ፎቶ ብቻ ነው። ጽሑፉን ከፎቶ የሚያወጣ፣ አማርኛ የሚያነብ ነጻ ሶፍትዌር አለ። የሚሠራውና የሚያርመው ሰው ነው የሌለው።

በዚያ ላይ ጸሐይ ብሎ የፈለገ ሰው ፀሐይ ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ማስተካከያ ለአንድ ፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ግን አንድ ጊዜ በብሔራዊ ደረጃ ቢሠራ ሁሉም ይጠቀምበታል። ስማችንም እንደዚሁ ነው። የውጭው ሥርዓት የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድመዋል። አንዱ ተመራማሪ በአንድ ማከማቻ በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ይመዘገባል፤ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ዓመተ ምሕረቱም በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ሳይጻፍ ይታለፋል። ይህን የሚወስን አንድ ወጥ መመሪያ ከእናንተ ቢወጣ እኛ የመዝገብ ሠራተኞች እንገላገላለን።

የመጠባበቂያ ቅጂ ነገርም አያድርም። በሰሜኑ ጦርነት ዩኒቨርሲቲዎች ምን እንደደረሰባቸው ሁላችንም አይተናል። ወሎ፣ ወልድያ፣ አዲግራት፤ ኮምፒውተርና ላቦራቶሪ ተዘርፏል፣ ወድሟል። ሕንጻና ኮምፒውተር ገንዘብ ሲገኝ ይተካል። አንድ ኮፒ ብቻ የነበረው ጥናት ግን አይተካም። የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ ዩኒቨርሲቲዎችን ያገናኛል። የአንዱን ማከማቻ ቅጂ በሌላ ከተማ ማስቀመጥ በዚሁ መስመር ሊሠራ ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለማከማቻቸው የሚጠቀሙበት ዲስፔስም ነጻ ሶፍትዌር ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ የለውም።

የሌላ ሀገር ልምድ ካስፈለገ ሕንድን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽናቸው የዶክትሬት ሥራ በኤሌክትሮኒክ ቅጂ እንዲገባ በደንብ አስገደደ። ሾድጋንጋ የሚባለው ማከማቻቸው ዛሬ ከ500,000 በላይ የዶክትሬት ጽሑፎችን ይዟል። ምሥጢሩ ቴክኖሎጂው ሳይሆን ማስገባቱን ከዲግሪው ጋር ማሰራቸው ነው።

የምጠይቀውም ይህንኑ ነው፣ ክቡር ሚኒስትር። ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሰርኩላር ይውጣ። ማንኛውም የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ ክሊራንስ የሚፈረምለት በሲዲ ምትክ ጥናቱ በዩኒቨርሲቲው ማከማቻና በናድሬ የተቀመጠበትን ሊንክ ሲያቀርብ ይሁን። በየዩኒቨርሲቲው ለዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ አንድ ባለሙያና በጀት ይመደብ። የዩኒቨርሲቲዎች አፈጻጸም ሲገመገም ስንት ጥናት እንደገባና ስንቱ ሊንክ በትክክል እንደሚከፈት ይጠየቅ። በየመጋዘኑ ያሉት የቆዩ ሥራዎች ስካን የሚደረጉበት የተለየ ፕሮግራም ይያዝ፤ ሲጀመርም ሌላ ኮፒ በሌላቸውና በሀገር ቋንቋ በተጻፉት ይጀመር።

የዘንድሮ ተመራቂዎች ክሊራንስ ለማስፈረም ሐምሌ ላይ ይሰለፋሉ። ሰርኩላሩ ከዚያ በፊት ከደረሰን በዚሁ ዓመት ተመራቂዎች መጀመር እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር
በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ